የሦስት ቀን እንግዳና የድንጋይ ካብ

ፈጣኑ ባቡር ከፓሪስ ዲዦን ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ከዲዦን ወደ ደቡብ፣ በኑዊ ሳን ዦርዥና በቦን በኩል እስከ ሳንትኔ መንደር ድረስ፣ 60 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ ላይ ኮት ዶር የሚባለው የቡርጎኝ የወይን አገር ተዘርግቷል። በስተምዕራብ ዝቅ ያለ ኮረብታ፣ በኮረብታው ጎን በመስመር የተተከለ ወይን፣ በየመካከሉ የደወል ማማውን ቀና ያደረገ መንደር፤ ሌላ ብዙ የሚታይ ነገር የለም። ዓርብ ማታ ገብቶ ሰኞ ማታ ለሚመለስ መንገደኛ ይህ አገር በልኩ የተሰፋ ይመስላል። ቅዳሜ ሁለት ጓዳ ወርዶ ከበርሜል የተቀዳ ይቀምሳል፤ እሑድ ሌላ መንደር ሄዶ ያሸታል፣ ያጣጥማል፣ ይተፋል፤ ሰኞ ስድስት ጠርሙስ ሸክፎ ቦታውን አወቅሁት ብሎ ይሳፈራል። ይህ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ያገኘው ነገር ምንድን ነው? በእኔ እምነት ከብርጭቆው ውስጥ ጣዕም አግኝቷል፤ ቦታውን ግን ከዚያ አላገኘውም፣ ሊያገኘውም አይችልም። ጥፋቱ የጊዜ ማነስ አይደለም። ለማየት ሦስት ቀን ይበቃል። የሚታየው ነገር ያለው ግን እንግዳ በማይቀመጥበት በኩል ነው።

በመጀመሪያ የተቃራኒውን ሐሳብ በሙሉ ጉልበቱ ማቅረብ ተገቢ ነው። የቡርጎኝ ሰዎች ድንበሯ የታወቀ፣ የራሷ ስም ያላትን የወይን ማሳ «ክሊማ» ይሏታል። ቃሉ በተቀረው ፈረንሳይኛ የአየር ንብረት ማለት ነው፤ እዚህ ግን አንዲት ቁራሽ መሬት ከነፀሐይዋ፣ ከነአፈሯና ከነታሪኳ ማለት ሆኗል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቡርጎኝን ክሊማዎች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ቁጥራቸው 1,247 ነበር። ቀዩ ወይን በአብዛኛው ከፒኖ ኗር፣ ነጩ ደግሞ ከሻርዶኔ ይጠመቃል። ዘሩ ሁለት፣ ስሙ እልፍ ነው ማለት ነው። ሮማኔ ኮንቲ የተባለችው የዓለማችን ውድ ወይን መገኛ 1.8 ሄክታር ብቻ ናት፤ በእኛ አለካክ ሰባት ጥማድ ያህል። ከእሷ ወረድ ብሎ፣ ወደ ዋናው መንገድ ጠጋ ብሎ የበቀለው ወይን ግን የዋጋዋን ጥቂት ክፍልፋይ እንኳ አያወጣም። ባለሙያዎች ምክንያቱን ከመሬቱ ያወጡታል። ኮረብታው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ የጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል፤ ወገቡ ላይ ያለው አፈር ስስ ነው፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ስላለ ውኃ አይቋጥርም፣ ተክሉም ሥሩን ወደ ጥልቅ ለመስደድ ይገደዳል። ግርጌው ላይ አፈሩ ወፍራምና እርጥብ ስለሆነ ተክሉ ይወፍራል፣ ፍሬውም ይቀጥናል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የአፈሩን ነገር የሚክድ ሰው በአገራችንም ቢሆን ከአንድ ጋራ ጎንና ጎን የተለቀመ ቡና ለምን እንደሚለያይ ማስረዳት አይችልም።

ነገር ግን አፈር ድንበር አያሰምርም። ድንጋይ ከድንጋይ የሚለያየው ቀስ በቀስ፣ እየተንሸራተተ ነው፤ «እስከዚህ ድረስ ይህ፣ ከዚህ ወዲያ ያ» የሚል ሰው ነው። በቡርጎኝ ይህን ካሉት ሰዎች መካከል ዋነኞቹ መነኮሳት ነበሩ። ከዲዦን በስተደቡብ ያለው የሲቶ ገዳም በ1098 ተመሠረተ። ሲስተርሲያን የሚባሉት ማኅበርተኞቹ በእጃቸው መሥራትን እንደ ጸሎት የሚቆጥሩ ነበሩ። ወይን ለቅዳሴም ለእንግዳም ያስፈልጋቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ለቅዳሴ ዘቢብ ስታዘጋጅ የኖረችለት አንባቢ ይህ ለምን የክብር ሥራ እንደሆነ አይጠፋውም። ቩዦ በተባለው ስፍራ በስጦታም በግዢም ቁራሽ ከቁራሽ እየጨመሩ መሬት ሰበሰቡ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመንም 50 ሄክታር የሚሆነውን ማሳ በድንጋይ ካብ አጥረው ጨረሱት። ክሎ ደ ቩዦ የሚባለው ይህ ነው። ካቡ ዛሬም ቆሟል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ በካቡ ውስጥ ያለው መሬት አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ላይኛው ጫፍ ስስና ጠጠራማ፣ ታችኛው ጫፍ ወፍራምና ውኃ የሚያቁር ነው። ሕጉ ግን ሁለቱንም በአንድ ስምና በአንድ ማዕረግ፣ በከፍተኛው ማዕረግ ይጠራቸዋል። ስለዚህ በአገሩ እጅግ ዝነኛ ከሆኑት ቦታዎች በአንዱ ላይ ድንበሩን የወሰነው አፈሩ ሳይሆን የመነኮሳቱ ካብ ነው።

የፈረንሳይ አብዮት ማሳውን ከገዳሙ ነጥቆ በ1791 ሸጠው። በ1889 ተከፋፍሎ ለብዙ ገዢዎች ተላለፈ፤ ዛሬ በዚያው አንድ ካብ ውስጥ 80 ያህል ባለመሬቶች አሉ፣ አንዳንዱም ድርሻው ጥቂት መስመር ተክል ብቻ ነው። በሌሎቹ መንደሮችም የ1804ቱ የናፖሊዮን ሕግ ልጆች እኩል ይውረሱ ስላለ ማሳው በየትውልዱ ተሸንሽኗል፤ የርስት ክፍፍል ምን እንደሚመስል ከአያቶቹ ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ከዚህ ሁሉ ነጠቃ፣ ሽያጭና ሽንሸና በኋላ ግን የማሳዎቹ ስምና ወሰን ጸንቶ መቆየቱ ይገርማል። ባለቤቱ ሰማንያ ጊዜ ቢለዋወጥም ማሳው በስሙ ይጠራል።

ደግሞስ ስለ አፈር ስንናገር የትኛውን አፈር ማለታችን ነው? ኮረብታ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ስሱ አፈር ወደ ግርጌ ይታጠባል። የቡርጎኝ ገበሬዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የታጠበውን አፈር ከግርጌ ዝቀው፣ በጀርባ ቅርጫት ተሸክመው ወደ ኮረብታው ወገብ ሲመልሱ ኖረዋል። የተፈጥሮ ስጦታ የምንለው መሬት በሰው ጀርባ ላይ ሽቅብ የወጣ ነው። የተክሉም ነገር እንዲሁ ነው። በ1395 የቡርጎኙ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ ብዙ ፍሬ የሚሰጠውን፣ ጣዕሙ ግን የወረደውን ጋሜ የተባለ ዘር ታማኝነት የሌለው ብሎ ከማሳው እንዲነቀል አዘዘ፤ የፒኖ ኗር ንግሥና ከዚያ አዋጅ በኋላ ጸና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ፊሎክሴራ የምትባል፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ነፍሳት ከአሜሪካ መጥታ የአውሮፓን ወይን ከሥሩ እየበላች ጨረሰችው። መድኃኒቱ የተገኘው ከዚያው ከአሜሪካ ነበር። የአሜሪካ ወይን ሥር ነፍሳቷን ስለሚቋቋም፣ የቡርጎኝን ቅርንጫፍ በአሜሪካ ሥር ላይ አዳቅሎ መትከል ተጀመረ። ሮማኔ ኮንቲ ሌሎቹ ከተሸነፉ በኋላ በአሮጌ ሥሯ ረጅም ጊዜ ታገለች፤ በ1945 ግን እሷም ተነቀለች፣ በ1947 በተዳቀለ ችግኝ ተተካች፣ እስከ 1952 ለቀማ ድረስም በስሟ የወጣ ወይን አልነበረም። እንግዲህ ዛሬ በዚያ ኮረብታ ላይ «የቦታው ጣዕም» ተብሎ የሚጠጣው ወይን ሥሩ የባሕር ማዶ፣ አፈሩ በቅርጫት የተመለሰ፣ ዘሩ በአዋጅ የተመረጠ፣ ድንበሩ በመነኩሴ የተካበ ነው። ሳይቋረጥ የዘለቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «ይህች ማሳ ይህች ማሳ ሆና ትቆይ» የሚለው ውሳኔ፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከሻጭ ወደ ገዢ፣ ከወዳጅ ወደ ጠላት ሳይቀር ሲተላለፍ መኖሩ። በአማርኛ ለዚህ የሚስማማው ቃል አደራ ነው። ቦታ ማለት በመሬት ላይ የተቀመጠ አደራ ነው እላለሁ። አደራ ደግሞ አይቀመስም። አደራ የሚታየው በጠባቂው እጅ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተጠራጣሪ ከእኔም አልፎ ይሄዳል። «አፈሩም አደራውም ተረት ነው፤ ሰው የሚጠጣው ጽሑፉን ነው» ይላል፤ ማስረጃም አለው። በግንቦት 1976 ፓሪስ ላይ በተደረገው ውድድር ፈረንሳውያን ዳኞች ስሙ ከተሸፈነ ጠርሙስ ቀምሰው፣ ከነጮቹ አንደኝነትን ከቡርጎኝ ዝነኛ ወይኖች ነጥቀው ለካሊፎርኒያ ሻርዶኔ ሰጡ። በ2001 የታተመው የቦርዶ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል፤ 54 የወይን ጠመቃ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ተሰጥቷቸው፣ ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገለጹት። ዓይን ምላስን አታለላት ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ የወይን አገር ጉዞ ሁሉ በገዛ ፈቃድ መታለል ነው ማለት ይቻላልን? እኔ ከእነዚህ ማስረጃዎች የማወጣው መደምደሚያ ሌላ ነው። ምላስ ደካማ ምስክር መሆኗን ያረጋግጣሉ፤ ይህም የእኔው ሐሳብ ነው። ምስክሩ ደካማ ስለሆነ ግን ድርጊቱ አልተፈጸመም አይባልም። ያ ካብ በእርግጥ ተክቧል፤ ያ አፈር በእርግጥ በቅርጫት ወጥቷል። የካሊፎርኒያው ድልም ቢሆን፣ ሻርዶኔ ራሱ ከቡርጎኝ የተነሣ ዘር መሆኑን ስናስታውስ፣ ሙያና ትጋት ተምረው የሚደርሱበት ነገር መሆኑን እንጂ የቦታን ከንቱነት አያሳይም። የሚያፈርሰው ነገር ቢኖር፣ የአንድ ጥግ አፈር ከፈጣሪ ዘንድ የተለየ ቡራኬ አለው የሚለውን ትምክህት ነው። ያ ቢፈርስ አላዝንም።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። እንግዳው በቦታው የሚያያቸው ወጎች ብዙዎቹ ሽበት የላቸውም። በኅዳር ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ «ሦስቱ የክብር ቀናት» የሚባል በዓል አለ፤ ቅዳሜ በክሎ ደ ቩዦ ግንብ ግብር ይበላል፣ እሑድ በቦን ጨረታ ይወጣል፣ ሰኞ በመርሶ መንደር ባለወይኖቹ የየራሳቸውን ጠርሙስ ይዘው በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። ቀይ ካባ፣ መዝሙር፣ ሹመት፣ ሁሉም የመካከለኛው ዘመን ይመስላል። የመርሶው ማዕድ ግን እንደገና የተጀመረው በ1923 ነው፤ ካባ የሚለብሰው የወይን ማኅበር የተቋቋመው በ1934 ነው፤ በመንደሮቹ መካከል እንግዳ የሚመራበት የታላላቅ ወይኖች መንገድ የተከፈተው በ1937 ነው። የኋለኞቹን የሁለቱን ዘመን እንይ። የዓለም ኢኮኖሚ ወድቆ በየጓዳው የተከማቸ ወይን ገዢ ያጣበት ጊዜ ነበር። ወጉ የተፈጠረው ለመሸጥ ነው የሚለው ሰው እውነቱን ነው። እውነቱ ግን ግማሽ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1935፣ የወይን ስምን ከቦታ ጋር የሚያቆራኘው የፈረንሳይ ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት ነጋዴው ከየትም ያመጣውን ወይን በታዋቂ መንደር ስም ሲሸጠው ይታይ ነበር፤ የሚከስረውም ያው በመንደሩ የሚኖረው ገበሬ ነበር። ግብሩና ካባው ጌጥ ናቸው፤ ከጌጡ ስር ያለው ነገር ትናንሽ ገበሬዎች የስማቸው ባለቤት ለመሆን ያደረጉት ትግል ነው።

ይህ ትግል ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክር በስምምነት የተቋጨው በ2007 ነው። በክርክሩ ወቅት ከተነሡት ሐሳቦች አንዱ ኢትዮጵያ ለምን በፈረንሳዮቹ መንገድ፣ በቦታ ማረጋገጫ አትሄድም የሚል ነበር። መልሱ በእነዚያ ሁሉ ጥቃቅን የቡና ማሳዎች ላይ ድንበር አስምሮ እያንዳንዱን ከረጢት መከታተል የማይቻል መሆኑ ነበር። ቡርጎኝ በካብ፣ በመዝገብና በሕግ ዘጠኝ መቶ ዓመት ፈጅቶ የሠራው ሥራ ምን ያህል እንደሆነ በዚህ ይለካል። የጌዴኦ ገበሬ አደራ ጠባቂነት ከቡርጎኙ አያንስም፤ ያነሰው አደራውን የሚመሰክርለት ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የቦታ ስም ማጭበርበሪያ ነው ብሎ የሚያናንቅ ሰው ያንን ስም ያጣ ገበሬ ምን እንዳጣ ቢያስብ እመክራለሁ።

ሦስተኛውን ተቃውሞ በሙሉ ልብ ልመልሰው አልችልም፤ በከፊል እውነት ነውና። እንግዳው በወደደው መጠን ቦታውን ይጎዳዋል ይላል ተቃዋሚው። ዝና ዋጋ ይጨምራል፤ ዋጋ የመሬቱን ግምት ይሰቅላል፤ መሬቱ ሲወደድ አባቱ የሞተበት ልጅ የውርስ ግብር መክፈል ያቅተውና ይሸጣል። ገዢው ደግሞ ጎረቤት አይሆንም። በ2014 ክሎ ደ ላምብሬ የተባለው ማሳ በቅንጦት ዕቃ ለሚነግደው ኤልቪኤምኤች፣ በ2017 ክሎ ደ ታር ለባለሀብቶቹ ለፒኖ ቤተሰብ ኩባንያ ተሸጡ። ሁለቱም ጥንታዊ ቅጥሮች ናቸው፤ ክሎ ደ ታር በመነኮሳይያት እጅ ረጅም ዘመን የኖረ ነው። አዲሶቹ ባለቤቶች ማሳውን በጥሩ ሁኔታ ይይዙታል፤ ለዚህ ገንዘብም ሙያም አላቸው። ነገር ግን አደራ በቦርድ ስብሰባ ሲተላለፍና በማዕድ ላይ ሲተላለፍ አንድ ነው ለማለት እቸገራለሁ። አንድ መጽናኛ አለ፤ እሱም በቦን ከተማ መሃል በባለ ቀለም ጣሪያው ይታያል። በጊዜው የነበረው የቡርጎኝ መስፍን ባለሥልጣን ኒኮላ ሮላንና ባለቤቱ ጊጎን ደ ሳላን በ1443፣ ጦርነትና ረሀብ አገሩን ባራቆቱበት ወቅት፣ ለድሆች ያቆሙት ሆስፒታል ነው። ምእመናን በየዘመኑ የወይን ማሳ ሲሰጡት ኖረዋል፤ ከ1859 ጀምሮም ወይኑ በየዓመቱ በጨረታ እየተሸጠ ገቢው ለሕክምና ይውላል። በዚያ የኅዳር እሑድ ሀብታሞች በዋጋ ሲሻሙ የሚመለከት ሰው፣ ቢያንስ እዚህ ቦታ ላይ ዝና ለበሽተኛ አልጋ እየሆነ መሆኑን ማወቅ አለበት። ገንዘብ አደራን ይበላል፤ አንዳንዴ ግን አደራ ራሱ ገንዘብን አስገድዶ አገልጋይ ያደርገዋል።

አሁን ግን ከገንዘብ የሚብስ ነገር መጥቷል። በቦን ወይን የተለቀመበት ቀን ከ1354 ጀምሮ በመዝገብ ይገኛል፤ ተመራማሪዎች ያንን መዝገብ እስከ 2018 ድረስ አቀናጅተው በ2019 አሳትመዋል። በቀደሙት ዘመናት ለቀማው በአማካይ መስከረም መጨረሻ ላይ ይጀመር ነበር፤ ከ1988 ወዲህ ግን በ13 ቀን ቀድሟል። ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ ያ የኮረብታ ወገብ ለፒኖ ኗር የነበረው ልክ ይጠፋል። ቦታ ማለት አፈርና አየር ብቻ ነው ብለን ብናምን፣ ቡርጎኝ ከቡርጎኝ እየሸሸ ነው ብለን አልቅሰን ልንቀመጥ ነው። ቦታ አደራ ከሆነ ግን ጥያቄው ሌላ ይሆናል፤ ጠባቂዎቹ ምን ይተክላሉ? ጥላውን እንዴት ያበጃሉ? ከላይኛው ኮረብታ የትኛውን ማሳ ይመርጣሉ? አያቶቻቸው ሥሩን ሳይቀር ለውጠው ማሳውን አትርፈዋል። ይህም ቀላል ይሆናል አልልም።

እንግዲህ ረዘም ያለ የሳምንት መጨረሻ አግኝቶ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ካለ፣ በአውሮፓ የሚኖርም ሆነ ከዚህ የሚነሣ፣ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። በለቀማ ሰሞን ሳይሆን በጥር ይሂድ። በጥር የሚጎበኝ ቅጠል የለም፤ ጓዳው ይቀዘቅዛል፤ ለፎቶ የሚመች ፀሐይም አይወጣም። ግን የክሎ ደ ቩዦን ካብ ዙሪያውን በእግሩ ሊሄድበት ይችላል። ከካቡ ማዶ የወይን ገራዦች ጎንበስ ብለው ያያቸዋል፤ የገረዙትን ሐረግ ከአሮጌ በርሜል በተሠራ ጋሪ ውስጥ ያነዱታል፣ ጭሱም በማሳው ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በአንድ ሄክታር ውስጥ 10,000 ያህል ተክል አለ፤ ሠራተኛው እያንዳንዱን ለብቻው አይቶ፣ የቱ ይቆረጥ የቱ ይቅር ብሎ ወስኖ ያልፋል። መቀሱን ሲያሳርፍ ለመጪው በጋ ፍሬ የሚሰጥ አንድ ረጅም ዘንግ ያስቀራል። ከዘንጉ ሥር ደግሞ ሁለት ዓይን ያላት አጭር ጉጥ ይተዋል። እሷ ከዚያ ለሚቀጥለው ዓመት ናት።